በአካል የቀረበ ዋስ

አዳማ ውስጥ ጠዋት አውቶቡስ የተሳፈረ ሰው ሁሉ ከንፈሩ ይንቀሳቀሳል። የሚጸልይ ይመስላል፤ ግን እንኳን ደስ አለህ እያለ ነው። ትስስሩ የሚባለው የሥራ መረብ ሌሊቱን ሰብስቦ ያቀረበለትን እድገትና ዝውውር እየተከተለ፣ ከአንዱ መጋዘን ወደ ሌላው የተዛወረን የማያውቀውን ሰው ሁሉ በራሱ ድምፅ ያወድሳል። በጽሑፍ የተላከ ደስታ ብዙም አይቆጠርም። በደከመ ድምፅ የተነገረ ደግሞ ይመለሳል፤ ስለዚህ ሰዎች ከቤት ከመውጣታቸው በፊት ለብ ያለ ውሃ ይጠጣሉ።

ከአውቶቡሱ ወንበሮች ግማሾቹ ባዶ ናቸው፤ ሰው ግን ቆሟል። ጎን ለጎን ተቀምጠው ጥቂት ፌርማታ የተጓዙ ሁለት ሰዎችን ትስስሩ ይተዋወቃሉ ብሎ ይመዘግባቸዋል። የሚተዋወቁ ሰዎች ደረጃ ደግሞ አንዱ ወደ ሌላው ይፈሳል፤ ከፍ ያለው ዝቅ ይላል፣ ዝቅ ያለው ትንሽ ከፍ ይላል። ስለዚህ ከማን አጠገብ እንደሆነ ሳያውቅ የሚቀመጥ የለም። እርጉዝ ሴት ስትሳፈር ሰዉ በትሕትና ወንበሩን ይለቅላታል፤ ከዚያ አጠገቧ ያለውም ይነሳል።

ሶልያና በአዳማ የምልመላ ማዕከል መልማይ ናት። በእናቷ ዘመን መልማይ ማለት ሥራ ፈላጊን ፊት ለፊቱ አስቀምጦ የሚጠይቅ ሰው ነበር። አሁን ሥራ ፈላጊ አይመጣም። በሥራ ፈላጊው ስም የሚናገር ሰው ሠራሽ ምትክ ከድርጅቱ ምትክ ጋር ይነጋገራል፤ ጥያቄውም መልሱም ዓይን ተጨፍኖ እስኪገለጥ ያልቃል። ሁለቱ ምትኮች ተስማምተው ሲለያዩ ለመልማይ የሚቀርላት አንድ ነገር ነው፤ ዋስ።

ያለ ዋስ መቀጠር ድሮም አልነበረም። ድሮ ዋስ የሚሆነው ሰው መታወቂያውን ይዞ፣ ከመሥሪያ ቤቱ ደብዳቤ አጽፎ፣ ፀሐይ ላይ ተሰልፎ ይመጣ ነበር። አሁን ማንም አይመጣም። በትስስሩ ላይ ያለህ ሰው ሁሉ በጥቂቱ ዋስህ ነው፤ አንተም የእሱ ነህ። አዲስ ሥራ ስትይዝ ከእነሱ አንዱ በስምህ ይቆማል። አንተ ከሥራህ ከወደቅህ ግን የሁሉም ደረጃ አብሮህ ይወርዳል። ስለዚህ ሰው ከመውደቁ በፊት ይቆረጣል። በደንቡ ላይ ያለው ቃል «ማላላት» ነው፤ ሰዉ ግን መቁረጥ ነው የሚለው። አንድም ሰው ያልቀረለት ሰው ገጹ ይዘጋል። ገጹ የተዘጋ ሰው ምትኩ አይናገርም፤ ምትኩ የማይናገር ሰው ደግሞ ሥራ እንደማይፈልግ ይቆጠራል።

የመልማይ ዋናው ሙያ ማን ሊወድቅ እንደሆነ ቀድሞ ማሽተት ነው። ሰውዬው ምሳ የሚበላበት ሰዓት ተለወጠ። ደስታ የሚልኩለት ሰዎች ቀነሱ። አለቃው በሊፍት ውስጥ ከእሱ ራቅ ብሎ ቆመ። ሶልያና በዚህ ጎበዝ ነበረች። እሷ ያሸተተችው አይተርፍም ይባል ነበር፤ ይህ በማዕከሉ ውስጥ ሙገሳ ነው።

ሰኞ ጠዋት የማዕከሉ ኃላፊ ኖላዊ ወደ ጠረጴዛዋ መጣ።

«አጠገብሽ ሰው አለ?» አላት።

«የለም።»

ወንበር ስቦ ተቀመጠ። የእሱ ደረጃ ያለው ሰው ከማንም አጠገብ ተቀምጦ አያውቅም። በክፍሉ ውስጥ የነበሩት ሁሉ ራሳቸውን ሳያዞሩ አዩ።

«የምሥራቅ ዋና መልማይ» አለ ቀስ ብሎ። «ድሬዳዋ። ምን ይሰማሻል?»

«እኔ?»

«አይ፣ ወንበሩ።» ሳቀ። «አንቺ ነሻ! ዓርብ በጉባኤው ላይ ይጸድቃል። አንዲት ትንሽ ነገር ብቻ አለች።»

ትንሿ ነገር ሰሌዳዋ ላይ በራች። የወይዘሮ ሜላት ስም ነበር።

ወይዘሮ ሜላት ከኖላዊ በፊት የማዕከሉ ኃላፊ ነበሩ። ኖላዊንም ሶልያናንም የቀጠሩት እሳቸው ናቸው። ከከተማው ዳር የነበረው የፈትል ፋብሪካ ሲዘጋ፣ ማንም ዋስ ሊሆናቸው ላልፈለገ ፈታዮች እሳቸው ቆሙ። ለአንዷ ቆሙ፤ ለሌላዋ ቆሙ፤ በኋላ ለመጣው ሁሉ ቆሙ። ከፈታዮቹ ጥቂቶቹ አዲሱን ሥራ አልቻሉትም። እነሱ ሲወድቁ ወይዘሮ ሜላትም ወደቁ። በሳምንት ውስጥ ከተማው ሙሉ ቆረጣቸው። አሁን በትስስሩ ላይ የቀረቻቸው አንዲት ሰው ሶልያና ናት።

«እትዬ ሜላትን?» አለች ሶልያና።

«ገና እትዬ ትላለች!» ኖላዊ በአድናቆት ራሱን ነቀነቀ። «አንቺ ልጅ፣ እስካሁን እሷን ይዘሽ ነው የምትዞሪው? እኔ የዚያኑ ዕለት ነው የቆረጥኳት። በማግሥቱ ልደቷ ነበር፤ ምን ላድርግ። ለማንኛውም ዓርብ ትቆርጪያታለሽ፤ ዓርብ ገጿ ይዘጋል፣ አንቺም ትገላገያለሽ፣ እሷም ትገላገላለች።»

«እሳቸው ከምን ነው የሚገላገሉት?»

ኖላዊ ጥያቄውን እንደ ቀልድ ወስዶ ትከሻዋን መታ አደረጋትና ተነሳ። ቡናማ ኮቱ ገና ከበሩ ሳይወጣ ከአጠገቧ ያለው ወንበር ሌላ ሰው አገኘ።

ለምን እስካሁን እንዳልቆረጠቻቸው ብትጠየቅ ሶልያና ግልጽ መልስ አልነበራትም። ጀግንነት አልነበረም። ጣቷን ስማቸው ላይ ታደርጋለች፤ ከዚያ ሌላ ሥራ ይመጣል፤ ጣቷን ታነሳለች።

ማክሰኞ ከተደራረቡት ጉዳዮች መካከል የወይዘሮ ሜላት ስም ወጣ። የሞጆ ደረቅ ወደብ የጭነት አስተባባሪ ይፈልጋል። የወደቡ ምትክና የወይዘሮ ሜላት ምትክ ተነጋግረው ተስማምተዋል፤ ትምህርቱ ይበቃል፣ ልምዱ ከሚፈለገው ይበልጣል። የጎደለው ዋስ ነው። ሶልያና ከበሩ አቅጣጫ ማንም እንዳልመጣ አየችና የራሷን ስም በዋሱ ቦታ አስገባች።

«ይህ ዋስትና አይመከርም» አላት ሰሌዳው። «ለደህንነትዎ ሲባል ተዘግቷል።»

እንደገና አስገባች። ሰሌዳው በዚያው ለስላሳ ድምፅ ያንኑ መለሰላት፤ ቀጥሎም ድሬዳዋ ላይ የሚከራዩ ቤቶችን አሳያት።

ከሥራ ስትወጣ አውቶቡሱን ተወችና በእግሯ ሄደች። ነፋሱ አቧራውን ከመንገዱ እያነሳ ፊቷ ላይ ይበትናል። የወይዘሮ ሜላት ግቢ በር ክፍት ነበር። ገጻቸው የተዘጋባቸው ሰዎች አጥሩን ተደግፈው ተሰልፈዋል። አብዛኞቹ ንጹሕ ልብስ ለብሰዋል። በረንዳው ላይ ሁለት የፕላስቲክ ወንበሮች ፊት ለፊት ተቀምጠዋል፤ በአንዱ ወይዘሮ ሜላት፣ በሌላው ክራቫት ያሰረ ትልቅ ሰውዬ።

«ከአምስት ዓመት በኋላ ራስህን የት ታየዋለህ፣ አቶ ያፌት?» ይሉታል ወይዘሮ ሜላት።

«እዚሁ ወንበር ላይ» አለ ሰውዬው። «ካላስነሱኝ።»

ተሰላፊዎቹ ሳቁ።

«ሳቅ የለም! ቃለ መጠይቅ ላይ ነን» አሉ ወይዘሮ ሜላት። «ድክመትህን ንገረኝ።»

«ሰው ቶሎ አምናለሁ።»

«ይኼን ሁሉም ነው የሚለው። እውነተኛውን።»

ሰውዬው ክራቫቱን ነካካ። ፎርክሊፍት ነጂ እንደነበረ ተናገረ። አንድ ቀን ጭነት ሲያዘነብል ከታች ሰው መኖሩን አይቶ ጭነቱን ወደ ግድግዳው ጣለው። ከታች የነበረው ሰው ተረፈ፤ ጭነቱ ተሰበረ። ሥርዓቱ የመዘገበው የተሰበረውን ብቻ ነው። ይህንን እስከ ዛሬ ማንም እንዳልጠየቀው ሲናገር ድምፁ ወረደ። ወይዘሮ ሜላት አላቋረጡትም። ሲጨርስ፣ ጭነቱን ለመጣል ሲወስን እጁ የትኛው ማርሽ ላይ እንደነበረ ጠየቁት፤ እሱም በአየር ላይ እጁን እያንቀሳቀሰ አሳያቸው። ከዚያ ተነስቶ ጨበጣቸው።

«መቼ ይደወልልኛል?»

«አይደወልልህም፤ ሥራ የለኝም።»

«ግዴለም። ሐሙስ እመጣለሁ።»

ሶልያና ተራዋን ጠብቃ ወንበሩ ላይ ተቀመጠች። ወይዘሮ ሜላት ከእግር እስከ ራሷ አዩዋት።

«ልትቆርጪኝ ነው የመጣሽው?»

«አይደለም።»

«ታዲያ ለቅሶ ቤት እንደገባ ሰው ጫፍ ላይ ምን አስቀመጠሽ? ተደላደይ።»

ሶልያና ትንሽ ወደ ኋላ ተሳበች። ስለ ድሬዳዋ ነገረቻቸው። ወይዘሮ ሜላት እጃቸውን አጨበጨቡ።

«ታዲያ ምን ትጠብቂያለሽ! ቁረጪኝ። እዚሁ ቁረጪኝ፣ እኔም ልይ። ድሬዳዋ ስትሄጂ ግን ቀለል ያለ ልብስ ያዢ።»

«ሞጆ ያመለከቱት ሥራ አልፏል» አለች ሶልያና።

«የምን ሞጆ?»

«ጭነት አስተባባሪ።»

«ምትኬ ይሆናል ያመለከተው። መቼ ነግሮኝ ያውቃል! ከእኔ ይልቅ እሱ ተስፋ አለው።» ይስቁ ጀመርና አቆሙ። «አልፏል ማለት?»

«ዋስ ብቻ ነው የጎደለው። እኔ ልሆን ሞከርኩ፤ ሥርዓቱ ዘጋብኝ።»

አጥሩን የተደገፉት ሰዎች ወሬያቸውን አቆሙ። ወይዘሮ ሜላት ፊታቸው ተለወጠ።

«ማን ሞክሪ አለሽ?»

«ማንም።»

«እኔ ለፈታዮቹ ስቆም ሠላሳ ዓመት ሠርቼ ጠግቤ ነው። ልጄን ድሬ ኩዬ ነው፣ ቤቴን ሠርቼ ነው። አንቺ ምን አለሽ? ያለሽ ስምሽ ብቻ ነው። ለእኔ ብለሽ ከወደቅሽ ነገ እዚህ አጥር ላይ ነው የምትሰለፊው፤ እኔም ድክመትሽ ምንድን ነው ብዬ እጠይቅሻለሁ።»

«እርስዎ ሲቆሙ ማንን አስፈቀዱ?»

ነፋሱ የግቢውን በር መትቶ ዘጋው፤ ከተሰላፊዎቹ አንዷ ሄዳ ከፈተችው።

«እትዬ፣ ሥራውን ይፈልጉታል ወይስ አይፈልጉትም?»

«እፈልገዋለሁ» አሉ ወይዘሮ ሜላት፤ ቃሉ እንዳሳፈራቸው ሁሉ ወደ መሬት እያዩ። «ጠዋት ተነስቼ የምሄድበት ቦታ ቢኖረኝ እፈልጋለሁ።»

«እንግዲያው መንገዱን ይንገሩኝ።»

«መንገድ የለም።» ከዚያ ሳይወዱ ቀጠሉ። «በአካል የቀረበ ዋስ አይመለስም የሚል አንቀጽ ነበረ። ምስክር ባለበት መልማይ ጠይቆት ከመለሰ፣ ሥርዓቱ መመዝገብ ግዴታው ነው። አልተሻረም። ማን በእግሩ ይመጣል ብለው ነው ያልሻሩት።»

«የመልማይነት ፈተናችን ላይ ነበረ።»

«ፈተና ላይ ነበረ ትላለች!» ወይዘሮ ሜላት ጉልበታቸውን መቱ። «በይ ሂጂ። እኔ ምንም አልነገርኩሽም። ቀጣይ!»

ዓርብ ከሰዓት በኋላ የማዕከሉ አዳራሽ ሞላ። በሌላ ጊዜ ሰው የማይሰበሰበውን ያህል ለእድገት ጉባኤ ይሰበሰባል፤ ከሚያድግ ሰው አጠገብ መቀመጥ ለደረጃ ይጠቅማልና። ሶልያና ስትገባ ከወንበሮቹ መካከል አንዲት እጅ ተወዘወዘች። ረድኤት ናት፤ ለብዙ ዓመት በጎረቤት ጠረጴዛ ሠርታ ሰላምታ ብቻ የምትለዋወጣት የሥራ ባልደረባዋ።

«ሶሊዬ! እዚህ ያዝኩልሽ!» ቦርሳዋን ከወንበሩ አነሳችላት። ሶልያና ስትቀመጥ ከግራም ከቀኝም ከኋላም ትከሻዎች ተጠጓት። አንድ ሰው የኮቷን ክር ከጀርባዋ አነሳላት።

ከመድረኩ በላይ የሶልያና ገጽ በትልቁ በርቷል፤ ከሥሩ የትስስሯ ሰዎች ስም ተደርድሮ። ወይዘሮ ሜላት ከሁሉ ግርጌ ናቸው። ወጉ እንዲህ ነው፤ የሚያድገው ሰው እድገቱ ከመጽደቁ በፊት ለደረጃው የማይመጥነውን ሰው በራሱ አንደበት፣ በሰው ፊት ያላላል። ከዚያ ይጨበጨባል። ለብዙዎች ከበዓሉ ሁሉ የሚጣፍጠው ይህ ነው።

ኖላዊ በድምፅ ማጉያው ጠራት። መድረኩ ላይ ስትወጣ የምታነበው ከፊት ለፊቷ በራ።

«ከወይዘሮ ሜላት ጋር የነበረኝ ትስስር ሙያዊ ዓላማውን ጨርሷል። መልካሙን ሁሉ እመኝላቸዋለሁ።»

አዳራሹ እጁን ለጭብጨባ አዘጋጀ። ሶልያና ቃላቱን አንድ በአንድ አየቻቸው።

«ይኼን አላነብም» አለች።

«ጉሮሮዋ ደርቋል» አለ ኖላዊ ለአዳራሹ ፈገግ ብሎ። «ውሃ አምጡላት!»

«ውሃ አልፈልግም። ለወይዘሮ ሜላት ዋስ ለመሆን በአካል ቀርቤያለሁ። ጠይቁኝ።»

ከፊት ረድፍ አንድ ወጣት መልማይ ወደ ጎረቤቱ ዘንበል ብሎ «ምንድን ነው የምንጠይቃት?» ሲል ተሰማ። ጎረቤቱ ትከሻውን ነቀነቀ። ኖላዊ ድምፅ ማጉያውን በእጁ ሸፍኖ ተጠጋት።

«ሶሊ፣ ውረጂ። እንደ ቀልድ ይታለፋል።»

«ቀልድ አይደለም።»

«ድሬዳዋን እኮ ነው የምትጥይው!»

«አውቃለሁ።»

«ለአንዲት አሮጊት?»

«ለአለቃዬ። ያንተም አለቃ ነበሩ።»

ኖላዊ ጆሮው ቀላ። «አልጠይቅሽም። ምን ታመጫለሽ?»

«ምስክር ባለበት የቀረበ ዋስን ያልጠየቀ መልማይ ፈቃዱን ይነጠቃል። የሚቀጥለው አንቀጽ ነው። ይኼም ፈተና ላይ ነበረ።»

ከአዳራሹ መካከል አንድ ሰው ሳቀና ሳቁን በሳል ሸፈነው። ኖላዊ ሰዉን አየ፤ ሰዉም እሱን ያያል፤ ሁሉም ምስክር ነው። ከሰሌዳው ላይ አንቀጹን ፈልጎ አገኘ። ማንበብ ሲጀምር ድምፁ ከእሱ ዕድሜ የሚያንስ ሰው ድምፅ ሆነ።

«ዋስ የምትሆኚላትን ሰው… ታውቂያታለሽ?»

«አውቃቸዋለሁ።»

«በምን ታውቂያታለሽ?»

ለዚህ መልስ አላዘጋጀችም ነበር።

«ሰው ሲጠይቁ አይቻለሁ» አለች። «እሳቸው የጠየቁት ሰው ሲናገርም አይቻለሁ። እኔ እስካሁን አንድም ሰው ጠይቄ አላውቅም፤ ስንቱን ግን ጥያለሁ። እዚህ ያላችሁትም እንደዚያው ናችሁ።»

«መልሱ አጭር መሆን አለበት።»

«አጭር ነው።»

ኖላዊ ዓይኑን ከአንቀጹ ላይ አላነሳም። «ብትወድቅስ?»

«እወድቃለሁ።»

ሥርዓቱ እንደዚህ ዓይነት ነገር ከመዘገበ ብዙ ዘመን ሆኖታል። ከዚያ ከላይ፣ የሞጆ ደረቅ ወደብ የሥራ ውል ከወይዘሮ ሜላት ስም አጠገብ በራ፤ በዋሱ ቦታ የሶልያና ስም ገባ። የሶልያና ደረጃ በዚያው ቅጽበት መውረድ ጀመረ፤ ማንም ያጠፋው ስላልነበር ሁሉም በትልቁ አየው። ቀጥሎ ስሞቹ መጥፋት ጀመሩ። መጀመሪያ ሩቅ ያሉት፣ ድሬዳዋ ያሉት፣ ከዚያ የማዕከሉ ሰዎች። አዳራሹ ውስጥ ብዙ ጣቶች ከጉልበት ላይ በቀስታ ይንቀሳቀሳሉ። ረድኤት ቦርሳዋን ይዛ ሁለት ረድፍ ወደ ኋላ ሄዳ ተቀመጠች፤ ስትሄድ ሶልያናን አላየቻትም። የሶልያና ወንበር ዙሪያውን ባዶ ሆነ።

ሶልያና ስሞቹ ሲጠፉ ቆማ አየች። የፈራችውን ያህል አልነበረም። እያንዳንዱ ስም ሲጠፋ ትንሽ ቦታ ይለቃል፤ በመጨረሻ በሰሌዳው ላይ የእሷና የወይዘሮ ሜላት ስም ብቻ ቀሩ፤ ደንብ የያዘውን ዋስ መቁረጥ አይቻልምና።

«ጨረስሽ?» አላት ኖላዊ።

«አልጨረስኩም። ደረጃዬ ነው የወረደው፤ የመልማይ ፈቃዴ እስከ ፈረቃዬ ማብቂያ ይሠራል። ፈረቃዬ ደግሞ እስከ አሥራ አንድ ሰዓት ነው።»

«ታዲያ ምን ይሁን?»

ድምፅ ማጉያውን ከእጁ ወሰደችው። እሱ ስላልጠበቀ በቀላሉ ለቀቀላት። ወደ አዳራሹ ዞረች። በሕይወቷ ይህን ያህል ሰው ፊት ለፊት አይታ አታውቅም። ብዙዎቹን በገጻቸው ታውቃቸው ነበር፤ ማን ወንድሙን እንደቆረጠ፣ ማን ያስተማረውን ሰው እንደቆረጠ፣ ማን የልጆቹን እናት እንደቆረጠ ታውቃለች። መዝግባ ያለፈችው እሷ ናት።

«መልማይ ነኝ» አለች። «ምስክር እዚህ ሞልቷል። ለቆረጠው ሰው ዋስ ልሁን የሚል ካለ ይቅረብ፤ እጠይቀዋለ…»

ኖላዊ የድምፁን መስመር ዘጋው። የመጨረሻው ቃል ለማንም ሳይደርስ ቀረ። ተነስቶ የወጣ ግን አልነበረም።

ከኋላ፣ ከበሩ አጠገብ፣ ፊቱ የማይታይ ሰው ጮኸ።

«አልተሰማም!»

ሶልያና ድምፅ ማጉያውን መሬት ላይ አስቀመጠችው። እስከ መድረኩ ጫፍ መጣችና ያለችውን ከመጀመሪያው ጀምራ፣ የመጨረሻው ረድፍ እስኪሰማው ድረስ ደገመችው።